የ1759ኙን የኩቤክ ከበባ ከቅጥሩ ውጪ የሚያሳይ የሙሉ ቀን ጉብኝት

በካናዳ ወዳለችውና በ1759 በፈረንሳይ እጅ ወደነበረችው ወደ ኩቤክ ሲቲ ለሚሄድ ጎብኚ ስለ 1759ኙ ከበባ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጠዋት ታሪክ ነው፤ እንግሊዞች በሌሊት ገደሉን ወጡ፣ በአብርሃም ሜዳ ላይ ተሰለፉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል በፈጀ ተኩስ ፈረንሳዮችን አሸነፉ፣ የሁለቱም ወገን አዛዦች ሞቱ፣ ከተማይቱም እጅዋን ሰጠች ይባላል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር 18 ቀን የዘለቀውን ከበባ ወደ አንድ ጠዋት አሳጥሮታል። በመካከል ያሉት ሳምንታት ያለፉት በደፈጣ፣ በቃፊሮች የተኩስ ልውውጥ፣ በሌሊት ወረራና ማገዶ ሊለቅሙ በወጡ ወታደሮች ላይ በሚጣል ድንገተኛ አደጋ ነበር። እዚህ የምገመግመው፣ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት በጁላይና በኦገስት የሚያዘጋጀው የሙሉ ቀን ጉብኝት ከሌሎቹ የሚለየው ይህን የሚዘለል ክፍል ዋና ጉዳዩ በማድረጉ ነው፤ በእኔ ግምት ከፍ ያለ ዋጋው ተገቢ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉብኝቱ የሚካሄደው በአነስተኛ ሚኒባስ ሲሆን ቡድኑም ትንሽ ስለሆነ ጥያቄ ለመጠየቅ ወረፋ መጠበቅ አያስፈልግም። አስጎብኚያችን በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቀልድ የማያበዙ ሴት ነበሩ። ካባ ለብሰውና ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ደፍተው ከሚጮኹት የአሮጌው ከተማ አስጎብኚዎች ጋር ሲነጻጸሩ መጀመሪያ ላይ ቀዝቃዛ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ላይ የማይቸኩለው አነጋገራቸው ለእንዲህ ዓይነቱ ርዕሰ ጉዳይ እንደሚስማማ ተረድቻለሁ። የመረጡት ቅደም ተከተልም አስተዋይነታቸውን ያሳያል። ሌሎች ከሴንት ሉዊ በር ሲጀምሩ እሳቸው ቡድኑን በቀጥታ ከከተማው በስተ ምሥራቅ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ሞንሞረንሲ ፏፏቴ ወሰዱት።

ፏፏቴው 83 ሜትር ከፍታ ያለው ስለሆነ አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው ውኃውን ሊያይ ነው። እኛ ከፏፏቴው አናት በላይ ባለው የእግረኞች ድልድይ ላይ ቆመን የተሰጠን ማብራሪያ ግን ከውኃው ይልቅ ስለ ሁለቱ ዳርቻዎች ነበር። የ32 ዓመቱ ሜጀር ጄኔራል ጄምስ ዎልፍ 8,500 የሚያህል ጦር ይዞ፣ በምክትል አድሚራል ቻርልስ ሳውንደርስ መርከቦች ተጭኖ በጁን መጨረሻ በኦርሌያን ደሴት ላይ ወረደ። ኩቤክ በገደል አናት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የፈረንሳዩ አዛዥ ማርኪ ደ ሞንካልም ደግሞ ከሴንት ቻርልስ ወንዝ አፍ ጀምሮ በቦፖር በኩል እስከዚህ ፏፏቴ ድረስ ያለውን የሰሜን ዳርቻ በእርድና በምሽግ ዘግቶት ነበር። ዎልፍ ያን መስመር በቀጥታ መስበር ስላልቻለ በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት ከፏፏቴው በስተ ምሥራቅ ሰፈረ። ስለዚህ ሁለቱ ጦሮች በአንድ ጠባብ ወንዝ ተለያይተው፣ አንዱ የሌላውን ቃፊር በዓይን እያየ፣ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ ተፋጠው ቆዩ ማለት ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ ይህን ርቀት በራስ ዓይን መለካት የትኛውም ካርታ የማይሰጠው ነገር ነው፤ በዚህ ጉብኝት ውስጥ ሌላ ምንም ባይኖር እንኳ ይህ ቦታ ብቻ ጉዞውን ያስመሰግነዋል።

ከዚያ በዛፎች መካከል ባለ መንገድ ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ ሄድን። ከፏፏቴው ራቅ ብሎ ወንዙን በእግር መሻገር የሚቻልባቸው መልካዎች ነበሩ፤ የከበባው የዕለት ተዕለት ጦርነት የሚካሄደውም በእነዚህ መልካዎች ዙሪያ ነበር። ከፈረንሳይ ጋር የተሰለፉት የነባር ሕዝቦች ተዋጊዎችና የካናዳ ሚሊሺያዎች በመልካዎቹ ተሻግረው በጫካው ውስጥ ያደፍጡና፣ ማገዶ የሚቆርጥ ወይም ሣር የሚያጭድ የእንግሊዝ ቡድን ሲመጣ ተኩሰው፣ ጥቂት ሰው ገድለው ወይም ማርከው ይሰወራሉ። እንግሊዞች በሰፈሩበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰፈሩን ለመጠበቅ ወደ ጫካው ጠርዝ የወጡ ሬንጀሮች (ለጫካ ውጊያ የተመደቡ ወታደሮች) በዚህ ዓይነት ደፈጣ ክፉኛ ተጎድተዋል። አስጎብኚያችን ይህን ሲያስረዱ በጀግንነት ወሬ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ አተኩረዋል፤ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ፣ የጫካው ጠርዝ ከድንኳኖቹ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር፣ በሙስኬት (በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ) ዘመን አንድ ሰው ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ምን ያህል ተጋልጦ እንደሚቆይ ገልጸዋል። መደበኛው ጦር በረድፍ ተሰልፎ ለመዋጋት የሠለጠነ ስለነበረ በዛፍ መካከል ሊቋቋማቸው አልቻለም። ከዚህም የተነሣ ቀላል እግረኛ ተብሎ የተለየው ክፍል ሥራው እየበዛ ሄደ፤ የዚህ ክፍል አዛዥም ከዓመታት በኋላ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ አዛዥ የሆነው ዊልያም ሃው ነበር።

በዚሁ ጫካ ውስጥ የሰማነው የሻርል ላንግላድ ታሪክ በእኔ አስተያየት የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ነው። ላንግላድ ከፈረንሳዊ አባትና ከኦዳዋ እናት የተወለደ ሲሆን ከታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ተዋጊዎችን አስከትሎ የመጣ ሰው ነው። በጁላይ ወር መጨረሻ ገደማ ዎልፍ መልካዎቹን ለመሰለል ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ላይ ሲሄድ፣ የላንግላድ ተዋጊዎች ወንዙን ተሻግረው በእንግሊዞቹ አጠገብ በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተው ይጠብቁ ነበር። ላንግላድ ራሱ ተመልሶ ማጠናከሪያ ጦር እንዲሻገር ጠየቀ፤ ጥያቄው የሞንካልም ምክትል ወደነበረው ወደ ጄኔራል ሌቪ ደረሰ፤ ሌቪ ያለ ገዥው ቮድሮይ ፈቃድ ጦሩን ወንዙን ለማሻገር አመነታ። ሰዓታት አለፉ። በመጨረሻ ተዋጊዎቹ መጠበቁ ስለሰለቻቸው ብቻቸውን ተኩስ ከፍተው እንግሊዞቹን ወደ ኋላ ገፏቸው፤ ዋናው የእንግሊዝ ኃይል ሲደርስ ደግሞ ወንዙን ተሻግረው ተመለሱ። ማጠናከሪያው በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ጥያቄ አስጎብኚያችን ራሳቸው አላነሱትም፤ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲያነሣውም ወንዙ ወዴት እንደሚጠብብ አሳይተው መልሱን ለእኛ ተዉት።

የጁላይ 31 ቀን ጥቃት የተነገረን ወደ ፏፏቴው ግርጌ ወርደን ነው። ዎልፍ ውኃው ሲጎድል ከፏፏቴው በታች ባለው ዳርቻ በኩል ሊያጠቃ ሞከረ፤ ግሬናዲየር የሚባሉት የተመረጡ እግረኞቹ የተቀሩት ክፍሎች ተሰልፈው ሳይጨርሱ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ወደ ዳገቱ ሮጡ፤ ከላይ ተኩስ ወረደባቸው፤ በዚያ ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ ባሩዱን አርሶ ዳገቱን አንሸራታች አደረገው። እንግሊዞች በዚያ ቀን 443 ሙትና ቁስለኛ ቆጠሩ። ይህ ክፍል በቂ ነበር፤ ከዚህ በላይ ቢረዝም ኖሮ ወደ ተለመደው የታላላቅ ውጊያዎች ትረካ ይመለስ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉድለት መጥቀስ አለብኝ። ስለ ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ብዙ ተነግሮናል፤ ነገር ግን ከላንግላድ ኦዳዋዎች በስተቀር ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለው ነው የቀረቡት። አቤናኪዎች፣ ከሞንትሪያል አቅራቢያ የመጡ የሆዴኖሾኒ (ኢሮኮይ) ሰዎች፣ እንዲሁም እዚያው ከኩቤክ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው የሚኖሩት ሂውሮን ዌንዳቶች ለየራሳቸው ምክንያት የገቡበት ጦርነት ነው፤ ሲሰለቻቸው ወይም አዝመራቸው ሲደርስ የሚመለሱት፣ ከሞንካልም ጋር በአዋጊነት ጉዳይ የሚጨቃጨቁትም ከዚህ የተነሣ ነው። የዌንዳቶች ከተማ ዌንዳኬ ዛሬም አለች፤ ከአሮጌው ከተማ በመኪና ሩቅ አይደለችም፤ የራሷ ቤተ መዘክርም አላት። ጉብኝቱ ግን ወደዚያ አይሄድም። ለምሳ ከተመደበው ረጅም ጊዜ ግማሹ እንኳ ተቀንሶ ይህ ቢጨመር ጉብኝቱ በእጅጉ በተሻሻለ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው በራሱ እንዲሄድ እመክራለሁ።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ የሴንት ሎረንስን ወንዝ ተሻግረን ወደ ሌቪ ከተማ ሄድን። መሻገሪያው አጭር ነው፤ ወንዙ እዚህ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይሰፋ በመሆኑ በደቡብ ዳርቻ የተተከለ መድፍ ለምን ከተማይቱን ሊያፈርስ እንደቻለ ያለ ማብራሪያ ይገባል። አስጎብኚያችን በጀልባው ላይ የነገሩን ታሪክ ፈገግ የሚያሰኝም የሚያሳዝንም ነው። እንግሊዞች ከፊት ለፊታቸው መድፍ ሲተክሉ ያዩት የኩቤክ ነዋሪዎች ሄደን እናጥፋው ብለው ገዥውን ነዘነዙ፤ በጁላይ 12 ቀን ሌሊት ዱማ በተባለ መኮንን መሪነት ነጋዴዎች፣ የእጅ ባለሙያዎችና የሴሚናሪ ተማሪዎች ጭምር ያሉበት 1,500 የሚያህል ኃይል ወንዙን ከላይ በኩል ተሻገረ። በጨለማው ጫካ ውስጥ ግን አንዱ ክፍል ሌላውን ጠላት መስሎት ተኮሰ፤ ድንጋጤ ተነሣ፤ ሁሉም ወደ ጀልባዎቹ ሮጠ፤ ተሰልፎ እንደገና ቢሞከርም ያው ነገር ተደገመ። ሲነጋ አንድም መድፍ ሳይነኩ ተመለሱ። መድፎቹ ደግሞ ከተማይቱን መደብደብ የጀመሩት በዚያው ሌሊት ነው። ዘመቻው እስከ ዛሬ የሚታወቀው በተማሪዎቹ ስም ነው፤ ይህ በተማሪዎቹ ላይ የተፈጸመ ግፍ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በጨለማ ጫካ ውስጥ ጓደኛን ከጠላት መለየት ለማንኛውም ሰው ከባድ ነው፤ ሞንሞረንሲ ላይ የነበሩት ሬንጀሮችም ከሁለት ወራት ልምድ በኋላ እንኳ የሚፈሩት ይህንኑ ነበር።

ቅጥሩን ያየነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ቦታው ነው። ዛሬ በአሮጌው ከተማ ዙሪያ 4.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ግንብ አለ፤ ከ1985 ጀምሮም አሮጌው ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ጎብኚ ይህ ሁሉ በ1759 የነበረ ይመስለዋል። ጉብኝቱ ይህን ስሕተት በደንብ ያርማል፤ በአናቱ ላይ ያለው ሲታደል የሚባለው ግዙፍ ምሽግ በእንግሊዞች መሠራት የጀመረው በ1820 ነው፣ አሁን የሚታዩት በሮችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ናቸው። በከበባው ጊዜ በምዕራብ በኩል የነበረው፣ መሐንዲሱ ሾስግሮ ደ ሌሪ ከ1745 ጀምሮ ያሠራው ግንብ ነው፤ እሱም ከፊቱ ካለው ከፍታ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ከዚያ ከፍታ ላይ መድፍ ለተከለ ጠላት የተጋለጠ ነበር። ሞንካልም በዚህ ግንብ አልተማመነም። እንግሊዞችም በዚያ ዓመት በእግረኛ ጦር ግንቡን አጥቅተው አያውቁም፤ ምግቡ ያለቀበት፣ ከሥሩ ያለው የታችኛው ከተማ በመድፍ የፈራረሰበት የኩቤክ ጦር ሰፈር እጁን የሰጠው ገና የእንግሊዝ መድፎች ከምዕራብ በኩል ሳይተኩሱ ነው። አስጎብኚያችን እጃቸውን በግንቡ ድንጋይ ላይ ጭነው ይህን ሲናገሩ ጠዋት ስለ መልካዎቹ ያደከሙን ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

በአብርሃም ሜዳ ላይ የቆየነው ጥቂት ነው። ታላቁን ተኩስ በአጭሩ ተርከው፣ ሌሎች አስጎብኚዎች ወደማይሄዱበት ወደ ሜዳው ዳርና ዳር ወሰዱን። የካናዳ ሚሊሺያዎችና የነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች በሴፕቴምበር 13 ቀን ከማለዳ ጀምሮ ከቁጥቋጦና ከእህል ማሳ ውስጥ በእንግሊዝ ሰልፍ ላይ ሲተኩሱ ነበር፤ የፈረንሳይ መደበኛ ጦር ከተሰበረ በኋላም ወደ ሴንት ቻርልስ ወንዝ በሚወርደው ዳገት ላይ ባለው ጫካ ውስጥ ቆመው፣ የሚያሳድዱትን የስኮትላንድ ሃይላንደሮች አግደው ለሸሸው ጦር ጊዜ ሰጡት። ሃይላንደሮቹ በዚያ ቀን ካጡት ሰው ብዙው የወደቀው በዚህ ጫካ ነው። ሞንካልም ቆስሎ በማግሥቱ ሲሞት፣ ዎልፍ ደግሞ በሜዳው ላይ እንዳለ ሞቷል። ለዎልፍ የቆመውን ሐውልት በመስኮት አይተን አለፍን፤ በመቆም የሚገኝ ነገር ስላልነበረ አልቆጨኝም።

ቅር ያሰኘኝ ሌላው ነገር ስለ ተቃጠሉት መንደሮች የተነገረው በሚኒባስ ውስጥ፣ በመንገድ ላይ፣ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች መሆኑ ነው። ደፈጣው ሲበረታ ዎልፍ ቅጣቱን ወደ ገበሬዎቹ አዞረ። በጁላይ 27 ቀን የራስ ቆዳ መግፈፍን የሚከለክል ትእዛዝ ሲያወጣ እንኳ ጠላቶቹ የነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች ወይም እንደ እነሱ የለበሱ ካናዳውያን ከሆኑ ክልከላው እንደማይሠራ ጽፏል። በኦገስትና በሴፕቴምበር በወንዙ ሁለት ዳርቻዎች ያሉ መንደሮች ከነጎተራቸው ተቃጠሉ፤ ሻለቃ ጆርጅ ስኮት ብቻውን በደቡብ ዳርቻ 998 ቤቶችና ሕንጻዎችን ማቃጠሉን በሪፖርቱ አስፍሯል። በሴንት ዮአኪም ቄሱ ሮቢኖ ደ ፖርትነፍ ከምእመናናቸው ጋር ተገድለዋል። መልካው ላይ የተደረገው ተኩስና የገበሬው ጎተራ መቃጠል የአንድ ጦርነት ሁለት ገጾች ናቸው፤ አንዱን በእግር አስጎብኝቶ ሌላውን በመስኮት ማሳለፍ ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል። ወደ ምሥራቅ ከሞንሞረንሲ አልፎ ባለው የኮት ደ ቦፕሬ መንገድ ላይ አንድ መንደር ብቻ ቢጨመር በቂ ነበር።

ቀኑ የሚያልቀው በሴንት ፋ መንገድ ላይ ባለው ፓርክ ደ ብራቭ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ስለ 1760 ምንም ስለማይሰማ ይህን ክፍል በተለይ አደንቃለሁ። ከተማይቱን ከያዙ በኋላ እንግሊዞች ጄምስ መሪ (Murray) በተባለ ጄኔራል አዛዥነት ክረምቱን በፍርስራሹ ውስጥ አሳለፉ፤ ማገዶ ከሴንት ፋ ጫካ መቁረጥ ነበረባቸው፤ ፈረስ ስላልነበረ ወታደሮቹ ራሳቸው በበረዶ ላይ እንጨቱን በሸርተቴ ይጎትቱ ነበር፤ እንጨት ቆራጮቹም ታጥቀውና በጠባቂ ታጅበው ነበር የሚወጡት። በሴንት ፋና በሎሬት የተቋቋሙት የጥበቃ ኬላዎች፣ በፖይንት ሌቪ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተደረገው ግጭት፣ በስኮርቢት (በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣ) በሽታ የሚረግፈው ወታደር በዝርዝር ተነግሮናል። አሁን ከውጪ ሆነው የሚያደፍጡት ፈረንሳዮች፣ በዚያው ደካማ ግንብ ውስጥ ያሉት ደግሞ እንግሊዞች ናቸው። በኤፕሪል 28 ቀን የፈረንሳዩ ጄኔራል ሌቪ ጦሩን አምጥቶ ሲቀርብ፣ ጄኔራል መሪም እንደ ሞንካልም በግንቡ ስላልተማመነ ወጥቶ ተዋጋ፤ 1,100 ያህል ሙትና ቁስለኛ ትቶም ተመለሰ፤ ሌቪም ከተማይቱን ከበበ። ከዚያ የሆነው በሰዎች ትግል ሳይሆን በወንዙ ላይ በሚታየው የመጀመሪያ መርከብ ሰንደቅ ተወሰነ፤ በሜይ 9 ቀን የመጣው መርከብ የእንግሊዝ ነበር።

ለመሄድ ለሚያስቡ ጥቂት ነገር ልጨምር። ዋጋው በአሮጌው ከተማ ውስጥ ለሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት ከሚከፈለው በብዙ ይበልጣል፤ የጀልባው ክፍያ ተካትቷል፣ ምሳ ግን አልተካተተም፤ ምሳ የምንበላበትን ቦታም መምረጥ አልተፈቀደልንም። ወደ ፏፏቴው ግርጌ የሚወስደው ደረጃ ረጅም ስለሆነ ጉልበት የሚያመው ሰው በኬብል መኪናው ለመውረድ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል። የታተመ ካርታ አይሰጥም፤ ይህ መልካዎቹንና የቦፖርን መስመር ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ ችግር ነው፤ ስለዚህ አንድ የአካባቢውን ካርታ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ከሞንትሪያል በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅና ጉብኝቱ በማለዳ ስለሚጀምር ከቀደመው ምሽት መድረስ ያስፈልጋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልመክረውም፤ ንግግሩ ይበዛባቸዋል። በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በተለያዩ ቀናት ይሰጣል፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማ ሰው የፈረንሳይኛውን ቢመርጥ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በእንግሊዝኛው ቡድን ውስጥ ስለ ዎልፍ የሚቀርበው ጥያቄ በዝቶ ለመልካዎቹ የተመደበውን ጊዜ ሲበላው አይቻለሁ።